መዝገቡ የማን ነው?

ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል የወረደ መንገደኛ፣ ከገደሉ ሥር በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የታነጸውን የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ከሥር በተደረደሩ የድንጋይ ገበቴዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናኑም በጸበልነት ይቀዱታል። የጎብኚው ዓይን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በዚሁ ላይ ነው። እኛ ግን የምናነሣው ስለ ስሙ ባለቤት ነው። በላስታ ትውፊት እንደሚተረከው ነአኩቶ ለአብ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ፣ ማለትም የሐርቤ ልጅ ሲሆን፣ ያደገው ግን በአጎቱ ቤት ነው። ዙፋኑንም የተረከበው ከአጎቱ እጅ ነው። ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ባስቆጠረው በዚህ ትረካ ውስጥ አሳዳጊው የወላጁን ስም ፍቆ የራሱን አልጻፈበትም። ልጁ በላሊበላ ቤት ያደገ የሐርቤ ልጅ ሆኖ ኖረ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ይጠራል።

ይህን ስንል ነገሥታትን ማወደሳችን አይደለም። ይኸው ትውፊት የነአኩቶ ለአብ ወታደሮች የአንድ ድኃ ገበሬን ብቸኛ ላም ለንጉሡ ማዕድ ነጥቀው እንደወሰዱና ላሊበላም በዚህ ምክንያት ወደ ዙፋኑ እንደተመለሰ ይናገራል። የገበሬው ስም ግን በታሪኩ ውስጥ የለም። የቤተ መንግሥቱ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ስምንት መቶ ዓመት ሲታወስ፣ የባለላሟ ስም ለአንድ ትውልድ እንኳ አልተመዘገበም። የዛሬው ጉዳያችን የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2010 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ የማያንሱ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ስም ተወስደዋል። ወደ ስፔን፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ኢጣሊያ፣ ወደ ቤልጂግ፣ ወደ ሆላንድና ወደ ዴንማርክ የሄዱት በዚህ ላይ የሚጨመሩ ናቸው። ጉዞው ጣራ በነካበት እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አሜሪካ የገቡት ከ2,500 በላይ ነበሩ። በመጋቢት ወር 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚያየውን ጉዳይ ወደ አምስት ዝቅ አደረገ። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ ሀገር ሰው የሚደረገውን ጉዲፈቻ ከናካቴው ከለከለ። በሩ ተዘጋ። የወጡት ልጆች ግን ማደጋቸውን አላቆሙም። ያኔ በእቅፍ የሄዱት ዛሬ ጎልማሶች ሆነው፣ ከፊሎቹም አማርኛ ሳያውቁ፣ እየተመለሱ «የማን ልጅ ነኝ?» በማለት ላይ ናቸው። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ወረቀት አለን? ካለስ የት ነው? የያዘውስ ማን ነው?

በከበርቴዎቹ ሀገሮች ጥያቄው መልኩ ሌላ ነው። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ በወጡ ሕጎች፣ አንድ ልጅ በጉዲፈቻ በተሰጠ ጊዜ የመጀመሪያው የልደት ወረቀቱ ታሽጎ በምትኩ አሳዳጊዎቹን ወላጆች አድርጎ የሚያቀርብ አዲስ ወረቀት ይጻፍለት ነበር። ባለቤቱ ጎልምሶ እንኳ የገዛ ራሱን ወረቀት እንዳያይ ይከለከላል። ይህን ማኅተም ያስሰበረው የባለቤቶቹ የረጅም ጊዜ ትግል ነው። ስኮትላንድ ከ1930 ጀምሮ ልጁ 17 ዓመት ሲሞላው መዝገቡን እንዲያይ ፈቅዳ ነበር። እንግሊዝ ለዚሁ መብት እስከ 1975 ሕግ ድረስ ቆየች። በኦሪገን ግዛት ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1998 ድምፅ ሰጥቶ አስከፈተው፤ ኒው ዮርክ ግን የከፈተችው ገና እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው። በሌሎች ግዛቶች ትግሉ አሁንም አላለቀም። እነዚህ ሰዎች የሚታገሉት በመንግሥት ሣጥን ውስጥ ለመኖሩ እርግጠኛ ስለሆኑበት ወረቀት መሆኑን ልብ እንበል።

የእኛ ተጨባጭ ሁኔታ ከዚህ የከፋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዛግብት በዝርዝር ከደነገገ በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ አንቀጾች ላይ እነዚህ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንደማይሠሩ አስታወቀ። መዝገቡ እንዲህ ሆኖ በወረቀት ላይ ተወልዶ በወረቀት ላይ ታገደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ ሥራውን የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመካከሉ 56 ዓመታት አልፈዋል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳየ። እንግዲህ ልጆቻችን የተወሰዱት የልደት መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ነው። በሌላው ሀገር የታሸገ ሣጥን ይከፈት ሲባል፣ በእኛ ሀገር ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ምን እንደሆነ መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የተቀመጠው የቀበሌ ደብዳቤ ነው። ይህን ጉዳይ በነዋሪዎች ማኅበራትና በሠራተኞች ፊት ለማንሣት የወደድነውም ስለዚሁ ነው። አንድ ሕፃን ከሀገር ለመውጣት የነበረውን የወረቀት ጉዞ እንከተል። በመጀመሪያ ቀበሌው ወይም ወረዳው «እናቱ ሞታለች፣ አባቱ አይታወቅም» ወይም «ወላጆቹ ለማሳደግ አቅም የላቸውም» የሚል ማስረጃ በምስክሮች ቃል ላይ ተመሥርቶ ይጽፋል። ተጥሎ የተገኘ ከሆነ ፖሊስ ይጽፋል። የሕፃናት ማሳደጊያው በዚያ ደብዳቤ ልጁን ይረከባል። ሚኒስቴሩ የማሳደጊያውን ወረቀት አይቶ አስተያየቱን ይሰጣል። በአዲስ አበባ የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አስተያየቱን ተመልክቶ ውሉን ያጸድቃል። ኢምባሲው ውሳኔውን አይቶ ቪዛ ይመታል። ከላይ ያለው ማኅተም ሁሉ ያማረና የደመቀ ነው፤ ሁሉም ግን የሚያርፈው ከታች ባለው በአንድ ገጽ የቀበሌ ወረቀት ላይ ነው። እሱ እውነት ከሆነ ከላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። እሱ ሐሰት ከሆነም ፍርድ ቤቱ ሳያውቅ ሐሰቱን በሕግ ያጸናዋል።

ሐሰት መኖሩም የሐሜት ጉዳይ አይደለም። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በደቡብ ካሮላይና ግዛት ይሠራ በነበረ አንድ የጉዲፈቻ ድርጅት ሰዎች ላይ ክስ መሥርቷል። የክሱ ፍሬ ነገር፣ ማሳደጊያዎች በእጃቸው ያልነበሩና ጭራሹን በግቢያቸው ኖረው የማያውቁ ልጆችን በእጃችን ናቸው ብለው እንዲፈርሙ ተደርጎ፣ ያ ወረቀት ለኢትዮጵያ ፍርድ ቤትና ለአሜሪካ ኤምባሲ ቀርቧል የሚል ነው። ከተከሳሾቹ ሦስቱ በ2014 እና በ2015 ጥፋታቸውን አምነዋል። ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ የደቡብ ኮርያ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ያወጣው ውጤት ያስረዳል። በዚያም ሀገር ወላጅ ያላቸው ልጆች በወረቀት ላይ ወላጅ አልባ ተደርገው ለውጭ ሰዎች እንደተሰጡ ተረጋግጧል። ፍላጎትና ገንዘብ በአንድ ወገን፣ ድህነት በሌላው ወገን በቆሙበት ስፍራ ሁሉ ከበርቴያዊው ገበያ ለሚፈልገው ነገር ወረቀት ያዘጋጃል። ሸቀጡ ሕፃን በሆነ ጊዜ ወረቀቱ የሚጠፋው የሕፃኑ አባት ስም ነው።

ይህ መጥፋት የሚያስከትለውን በአንድ እውነተኛ ታሪክ እንመልከት። በ2000 ዓ.ም. አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ለሚኖሩ ባልና ሚስት ተሰጠች። በግንቦት 2003 ዓ.ም. በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ በብርድ ሞተች፤ ረኀብ ሰውነቷን አድክሞት እንደነበር የሕክምና ምርመራው ገለጸ። አሳዳጊዎቹ ተከሰሱ። ከክሶቹ ዋነኛው ይጸና ዘንድ ሟቿ ከ16 ዓመት በታች መሆኗ መረጋገጥ ነበረበት፤ ዕድሜዋን የሚያረጋግጥ የታመነ የልደት ወረቀት ግን አልተገኘም። ስለዚህ በ2005 ዓ.ም. አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ ጥርሷና አጥንቷ ተመረመረ። ከኢትዮጵያም ዘመዷ ሄዶ ስለ ዕድሜዋ ቆሞ መሰከረ። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ሁለቱንም ጥፋተኛ ብሎ ሴትዮዋን 37 ዓመት ገደማ፣ ሰውዬውን 28 ዓመት ገደማ አሠራቸው። እኛ ግን ከፍርዱ ይልቅ ከመቃብሩ ዘንድ እንቆያለን። በተወለደችበት ሰሞን አንድ ጸሐፊ በአንድ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጽፎላት ቢሆን ኖሮ፣ ያች ልጅ ሞታ እንኳ ዕድሜዋን በአጥንቷ እንድትመሰክር ባልተገደደች ነበር።

ስለ እናቶቹም ሊባል የሚገባው አለ። ልጁን የሰጠች ሁሉ ልጇን የጠላች አይደለችም። ወሎ በ1966 ዓ.ም. ያየውን፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በኮረም፣ በባቲና በላሊበላ ዙሪያ የተደገመውን እልቂት ያልረሳ ሰው ይህን አይስተውም። በዚያ ዘመን በሠፈራ ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲጓጓዝ ከወላጆቻቸው የተነጣጠሉ ልጆች ነበሩ፤ ያኔ በኃላፊነት የተቀመጠው መንግሥትም ከዚህ ተጠያቂነት የሚወጣበት መንገድ የለም። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ በወረዱ ጊዜ በሞተች እናት አጠገብ ያገኙትን ሕፃን ይዘው መመለሳቸውና ከዚያ በኋላ በሺዎች ለሚቆጠሩ ልጆች እናት መሆናቸው የታወቀ ነው። ድህነት ልጅን ከእናት እቅፍ ሲያወጣ ልጁን እዚሁ፣ በቋንቋው መካከል ለማሳደግ የሚቻልበት መንገድ እንደነበረ የእርሳቸው ሥራ ያሳያል።

እናቶቹን ያታለላቸው ቃሉ ራሱ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የመጣ ስም ነው፤ በአማራው ዘንድ ደግሞ ጡት መጣባትና የጡት ልጅ የሚባለው ሥርዓት አለ። ሁለቱም ዝምድናን ይጨምራሉ እንጂ አይቆርጡም። ልጁ ሁለተኛ ቤት ያገኛል፤ የመጀመሪያውን አያጣም። የሀገራችን ሕግም ከዚሁ ጋር ይስማማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ183ኛው አንቀጽ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት እንደሚጸና ይደነግጋል። እንግዲህ አንዲት የገጠር እናት በጣቷ ቀለም ስትፈርም «ልጄ ተምሮ፣ ጎልምሶ ይመለሳል» ብላ ብታምን ያላዋቂነት አልነበረም፤ በባህሏም በሕጓም እንደዚያው ነውና። ልጁን የተቀበለው ሀገር ሕግ ግን የእናቷን ስም ሰርዞ ሌላ እናት የሚጽፍ ነበር። በአንድ ፊርማ ላይ ሁለት የማይገናኙ ትርጉሞች ተቀመጡ፤ ልዩነቱን አውቆ ዝም ያለው ደግሞ መካከል ላይ ቆሞ ኮሚሽኑን የሚቆጥረው ደላላ ነበር።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተቋቋሙ ጀምሮ ቀበሌ የነዋሪውን ቁጥር፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ መጤውንና ሂያጁን ሲመዘግብ የኖረ ነው። ሠርቶ አደሩ ከመንግሥት ጋር በየዕለቱ የሚገናኝበት ቤት ስለሆነ የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ቃል ከባድ ነው። ሂስና ግለ ሂስ የሚለው የጥንቱ የስብሰባችን ቋንቋ ዛሬ በአንዳንድ ጆሮ ያረጀ ቢመስልም፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ከእርሱ የተሻለ አላገኘንም። በምስክርነት ከቀረቡት መካከል ልጁንም ቤተሰቡንም ሳያውቁ የፈረሙ አልነበሩምን? «ልጁ ቢሄድ ያልፍለታል» በሚል ቅንነት በሕይወት ያለችን እናት በወረቀት ላይ የገደሉስ? ለውሎ አበል ወይም ለጎረቤት ይሉኝታ ብለው አውራ ጣታቸውን የነከሩስ? እነዚህን ሁሉ በአንድ ሚዛን አንመዝንም። ሐሰቱን ሲያደራጅና ሲሸጥ የኖረው ደላላ በሕግ ይጠየቅ። በየዋህነት የመሰከረው ሽማግሌ ግን ቃሉን ለማረም ሲመጣ ወንጀለኛ ተብሎ ሊባረር አይገባም። እርሱ ከፈራ እውነቱ ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አቅልለን አናልፈውም። ልጁን በምስጢር የወለደች፣ ተደፍራ የፀነሰች፣ ወይም ኋላ ትዳር ይዛ የቀድሞውን ለባሏ ያልነገረች እናት አለች። ድንገት በሯ ላይ የሚቆም እንግዳ ኑሮዋን ሊያናጋባት ይችላል። ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው። እንግሊዞች በ1975 ሕጋቸው መዝገቡን ሲከፍቱ፣ ቀደም ባለው ዘመን የተሰጡት ልጆች ወረቀቱን ከማየታቸው በፊት ከአንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ቁጭ ብለው እንዲነጋገሩ ማስገደዳቸው ከዚህ የተነሣ ነው። የእኛ አቋም የሚከተለው ነው። እናት ልጇን ለመገናኘት እምቢ የማለት መብት አላት፤ ይህም ሊከበርላት ይገባል። ልጁ ግን የማን ልጅ እንደሆነ የማወቅ መብቱ ከእርሷ ፈቃድ የሚመነጭ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ 36ኛ አንቀጽ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ማንነቱን ያጣ ልጅ መልሶ እንዲያገኝ መንግሥታትን ያስገድዳል። በሁለቱም ሰነዶች ውስጥ ለመዝገብ ቤት ኃላፊ «አላሳይም» የማለት መብት የሰጠ ቃል የለም። የእናቲቱን ምስጢር እንጠብቃለን የሚሉን አንዳንድ ሰዎች የሚጠብቁት የራሳቸውን ፊርማ እንዳይሆን እንሠጋለን።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ፍለጋ በአብዛኛው የባለቤቶቹና የቤተሰቦቻቸው ጥረት ነው። ከ2006 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ቤተሰብ ፍለጋ» በሚል ስም የሚታወቅ አንድ የመረጃ ስብስብ ሁለቱ ወገኖች ስምና ታሪካቸውን እያስመዘገቡ እንዲገናኙ ይረዳል። የደም ምርመራም አለ፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገን ካልተመረመረ አያገናኝም፤ በቡግና ወይም በላስታ ቀበሌ የምትኖር እናት ደግሞ ይህን ምርመራ የት አግኝታ? ለእርሷ የቀረው መዝገብ የሰው ትዝታ ነው፤ እርሱም ቀላል አይደለም። በደጋው ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ የክርስትና ስማቸውን የሰማ ካህን፣ የክርስትና አባትና እናት አሉ። ዕለቱ በታቦት ቀን፣ ዓመቱ በድርቅ፣ በምርት ወይም በአንበጣ ይታወሳል። ርስት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቢሻርም ትውልድ መቁጠር አብሮት አልተሻረም። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራልና አያት ቅድመ አያቱን የሚዘረዝር ሽማግሌ በየመንደሩ አይጠፋም። ከባሕር ማዶ የመጣው ወጣት ግን የመንደሩን ስም ካላወቀ ወደዚህ ሽማግሌ የሚያደርሰው መንገድ የለም። የመንደሩን ስም የያዘው ያ የቀበሌ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውም ዘላለማዊ አይደለም። ብዙ ማሳደጊያዎች ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ተዘግተዋል፤ ፋይሎቻቸው የደረሱበት ሁሉ በአንድ ስፍራ አልተሰበሰበም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ላሊበላንና ሰሜን ወሎን እጅ በእጅ ሲቀባበሉ የሕዝብ መገልገያ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋልም። በየመጋዘኑ የቀረውን ደግሞ አይጥና እርጥበት እየጨረሱት ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው ትልቅ በጀት የሚሻ ነገር አይደለም። በየቀበሌው መዝገብ ቤት ከ1985 እስከ 2010 ዓ.ም. ለጉዲፈቻ የተጻፉ ማስረጃዎች ከተራው ወረቀት ተለይተው ይውጡ፤ በሁለት ቅጂ ይገልበጡ፤ አንዱ ለወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። በፍርድ ቤት ያሉት ፋይሎች በጊዜ ብዛት እንዳይወገዱ ትእዛዝ ይውጣ። ባለጉዳዩ 18 ዓመት ሞልቶት ሲቀርብ ያለ ጉቦና ያለ አማላጅ ገጹን የሚያይበት ግልጽ ደንብ ይደንገግ። ስሟን የማትሻ እናት ፈቃዷን የምታስመዘግብበት ቦታም በዚያው ደንብ ይኑር። ቃላቸውን ማረም ለሚፈልጉ ምስክሮች ደግሞ ቀበሌው አንድ ቀን ወስኖ፣ በሽማግሌዎችና በካህናት ፊት፣ ሳያስፈራራ ይቀበላቸው።

በ1995 ዓ.ም. ስድሳ ዓመት ሆኖት የመሰከረ ሽማግሌ ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን የነበረው ደግሞ ጎልምሶ ሥራ ይዟል፤ አንድ ዓመት ሙሉ የቲኬት ገንዘብ አጠራቅሞ ይመጣል። የክረምቱ ዝናብ ሳይጥል፣ የመዝገብ ቤቱ ጣሪያም ሳያፈስ፣ ይህ ጉዳይ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ አጀንዳ ላይ ይያዝ።